ግድግዳው አይነካም
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የልጆች ኮሚቴ ያቀረበው ንግግር



ስለ እንጀራው ክፍልና ስለ በርበሬው ሽያጭ ገንዘብ ያዣችን ተናግራለች። እኛ የምንናገረው ስለ ቅዳሜው የልጆች ትምህርት ነው። ብዙዎቻችሁ "የድንጋዩ ትምህርት" ትሉታላችሁ፤ ልጆቹም እንደዚያው ነው የሚሉት፣ የሬዲዮ ድንጋይ ይዘው ስለሚማሩ። ትምህርቱ ከሚያዝያ ጀምሮ ቆሟል። ለምን እንደቆመ በየቤቱ ሲወራ የሰማነው ሁሉ ልክ አይደለም፤ ስለዚህ ከመነሻው ጀምረን የሆነውን እንደሆነ እንናገራለን። ጥፋታችንንም አንደብቅም። ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ከሰዓት በኋላ እጅ አውጥታችሁ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአደጋ ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የአንዲት አባላችን ልጅ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። እናቱ እዚህ እንጀራ ስትጋግር እሱ ከታናሽ እህቱ ጋር ቤት ነበር። የተበላሸ የቴፕ ገመድ ቆረጠ፤ ጫፉን በጥርሱ ላጠ፤ ከአሮጌ የእጅ ባትሪ ያወጣትን ትንሽ አምፖል አሠረበት፤ ከዚያ የቀሩትን ሁለት የተላጡ ጫፎች ሶኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ከተታቸው። አምፖሏ ወዲያው ፈነዳች። ልጁን ኮረንቲ ያዘው።

የእህቱን ጩኸት ሰምተው የደረሱት ጎረቤት ያሉ እማማ ናቸው። እማማ ልጁን አልነኩትም። ቀጥ ብለው ወደ ቆጣሪው ሄደው ማጥፊያውን አወረዱት። ኋላ "እንዴት አወቁ?" ስንላቸው፣ በወጣትነታቸው አንድ ዘመዳቸውን ኮረንቲ ሲይዘው ሊያስለቅቅ የነካው ሰው አብሮ ሲያዝ አይተው ኖሯል። ብዙዎቻችን ብንሆን ልጁን ነበር የምናቅፈው። እናት እኮ ነን። ልጁ ሐኪም ቤት አንድ ሌሊት አድሮ ወጣ፤ ሁለት ጣቶቹ ላይ ያለው ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ያን ጊዜ በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን ያደረግነውን ታስታውሳላችሁ። ልጆች ሽቦ የሚባል እንዳይነኩ ተስማማን። ፒንሳና ካቻቢቴ ያለው ሁሉ ቆጥ ላይ ሰቀለ። ቤት ያለውን የተበላሸ ሬዲዮ ለቆራሌው ሸጥን። ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ሦስት ወር ሳይሞላ ያች እናት አልጋ ሥር ስትጠርግ አንድ የጫማ ካርቶን አገኘች። ውስጡ ሽቦ፣ የመጫወቻ መኪና ሞተር፣ ከቻርጀር የተፈታ ሰሌዳ፣ የተሰበረ ሶኬት። የዚያው ልጅ ነው። ጣቶቹ ገና ሳይድኑ የለቀመው ነው። ካርቶኑን ይዛ እዚህ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ያለችውን አንረሳውም፦ "ይሄን ልጅ ገርፌዋለሁ፤ ለምኜዋለሁ፤ አስምዬዋለሁ። አልተወም። ተደብቆ ከሚሠራ ዓይኔ እያየ ይሥራ።"

እውነቷን ነበር። የእኛን ሰፈር ታውቁታላችሁ። አንድ ቆጣሪ ለአራትና ለአምስት ቤት ነው። ገመዱ በጣሪያ ይሄዳል፣ በመስኮት ይገባል፣ ምንጣፍ ሥር ያልፋል። የተበጠሰው በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀጥላል። የሚጣለው ዕቃ ሁሉ፣ ስልክ በሉት ቻርጀር በሉት፣ ልጆች እጅ ይገባል። ሽቦ አትንኩ ማለት ለእነሱ ጭቃ አትንኩ እንደ ማለት ነው።

እዚያው ሰፈር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በመብራት ሥራ ያሳለፉና አሁን ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ሄደን ለመንናቸው። እሺ አሉ፣ ግን አንድ ነገር ጠየቁ፦ መጀመሪያ እናቶቹ ይማሩ። ልጁ ጠይቆ እናቱ ካላወቀች ወደ ግድግዳው መሄዱ አይቀርም አሉ። እኛም አራት ቅዳሜ ተማርን። ለአንዳንዶቻችን ከተማሪ ቤት ከወጣን ሠላሳ ዓመት ሆኖናል፤ ጭራሽ ያልገባንም አለን።

ከእነዚያ አራት ቅዳሜዎች አንድ ነገር ብቻ ብናገኝ እንኳ ይበቃን ነበር። ጋሼ የእንጀራ ክፍላችንን ሲያዩ፣ በር አጠገብ ያለው ምጣድ "ትንሽ ይነዝራል" ብለን ነገርናቸው። እኛ እንደ ጠባዩ ቆጥረነው ነበር። ወፍራም ጫማ አድርጎ የሚጋግርበት ሰው እንመድባለን፤ አዲስ ለገባች ልጅ "ማሰሻውን በዚህ በኩል ያዢ፣ ጠርዙን አትንኪ" ብለን እናስጠነቅቃለን። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ። ምጣዱን ነቅለው አዩት። ከውስጥ ሽቦው ሽፋኑ ተቃጥሎ ብረቱን ነክቷል፤ ወደ መሬት የሚወርደው፣ ኧርዝ የሚባለው ሽቦ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተሠራለትም። ሊጥ በነካ እርጥብ እጅ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመን፣ በ220 ቮልት ስንጫወት ከርመናል። ልጁን ሞኝ ያልን እኛ ነን። ያን ሳምንት ሦስቱም ምጣድ ኧርዝ ተሠራላቸው። ቤታችሁ የሚነዝር ምጣድ ካለ ዛሬውኑ ንቀሉት። ጠባዩ አይደለም፣ ብልሽቱ ነው።

ከዚያ ልጆቹ ገቡ። መጀመሪያ 17 ነበሩ።

የጋሼ መጀመሪያ ቃል "ግድግዳው አይነካም" የሚል ነበር። በየቅዳሜው ልጆቹ ይህን በአንድ ድምፅ ብለው ነው ሥራ የሚጀምሩት። ከሶኬት የሚመጣ ነገር ለዚህ ትምህርት የለም፤ መሣሪያ ለመሞከር አይደለም፣ ለማሳየት አይደለም፣ ትልቅ ሰው አጠገብ ቢኖርም አይደለም። የምንሠራው በሁለት ትልልቅ የሬዲዮ ድንጋይ ነው። አንዱ 1.5 ቮልት ነው፤ ሁለቱ ሲቀጣጠሉ 3 ቮልት። የግድግዳው ከዚህ ከ70 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ደረቅ ቆዳችን 3 ቮልትን አያሳልፍም፤ ሁለቱን ጫፍ በጣትህ ብትይዝ ምንም አይሰማህም። 220ውን ግን ቆዳ አይመልሰውም፣ እጅ እርጥብ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ይህን ልጅ ሁሉ ጠይቋል፦ "ለምን ድንጋዩ አይነዝርም?" መልሱን ስታውቀው ነው ሁለቱን ለይተህ የምትፈራው። ሁሉን እኩል እንዲፈራ የተነገረው ልጅ አንድ ቀን ድንጋዩን ነክቶ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ እናቴ ስለ ግድግዳውም ዋሽታኛለች ይላል።

ሰርኪዩት የሚባለውን ያስረዳችው ከእኛው አንዷ ናት። ጋሼ ሰሌዳ ላይ ክብ ሥለው ሲደክሙ ብድግ ብላ "እቁብ ነው" አለች። ከድንጋዩ በአንዱ ጫፍ ይወጣል፣ አምፖሏ ዘንድ ሥራውን ይሠራል፣ በሌላው ጫፍ ዞሮ ይመለሳል። መንገድ ላይ አንድ ሰው ካልከፈለ እቁቡ ቆመ፤ አንድ ቦታ ሽቦው ከተላቀቀ አምፖሏ ጠፋች። ማብሪያ ማጥፊያ ማለት እቁቡን አስቁሞ የሚያስጀምር ዳኛ ነው። ልጆቹ ሳቁ፣ ገባቸውም። ጋሼ ከዚያ ወዲህ የሚያስተምሩት በእቁብ ነው። ሽቦው አምፖሏን ሳይነካ ከጫፍ ወደ ጫፍ ካገናኘ ደግሞ ገንዘቡ ሥራ ሳይሠራ በአቋራጭ ዞረ፤ ሽቦው ይግላል፣ ድንጋዩም ይግላል፣ ያቃጥላልም። ይህን ያዙልን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

መሣሪያው ጥቂት ነው። ጫፏ ዱልዱም የሆነች ትንሽ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መቀስ፣ ፕላስተር። ቢላዋ አይገባም። ሽቦ በጥርስ መላጥ ክልክል ነው፤ ያ ልጅ የፊት ጥርሱ ጫፍ የተሸረፈው በዚያ ነው። ቀጭን ሽቦ ለመላጥ ከሁሉ የተሻለው የጥፍር መቁረጫ ሆኖ ተገኘ። ዙሪያውን በስሱ ነከስ አድርጎ ሽፋኑን መሳብ ነው፤ ጣት አይቆርጥም፤ በየቤቱም አለ። ሽቦ ሲቆረጥ ጫፉ ተወርውሮ ዓይን ስለሚገባ ወደ መሬት አዘንብሎ፣ በሌላ እጅ ከልሎ ነው የሚቆረጠው። ቆርቆሮ አቅልጦ መበየድ ለልጆች የለም። ሽቦ ከሽቦ የሚገናኘው ተገምዶ ነው፤ በዚህ በኩል ደግሞ የሚወዳደረን አልተገኘም። ፊደል ያልቆጠረች አንዲት እናታችን የሽቦውን ክሮች እንዝርት ላይ እንዳለ ጥጥ አድርጋ ስትፈትላቸው ጋሼ ጎትተው ሊያላቅቁት አልቻሉም። አሁን መገመድ የምታስተምረው እሷ ናት።

የመጀመሪያው ሥራ መብራት ነው። ከተሰበሩ የእጅ ባትሪዎች የሚወጡትን ኤልኢዲ የሚባሉ ትንንሽ መብራቶች እንጠቀማለን። ሁለት እግር አላቸው፤ ረጅሙ እግር የሚሄደው ወደ ድንጋዩ ጡት ነው። ገልብጠህ ካሰርከው አይበራም፤ ስትመልሰው ይበራል። ለቀዮቹ አንድ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር መሐል እናስገባለን፣ ያለዚያ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ካርቶን ላይ የተሰኩ ሁለት ሚስማሮችና አንድ አግራፍ ነው። መጀመሪያ ባበሩበት ቀን ሆን ብለን መስኮቱን በነጠላ ጋረድነው። አሥራ ሰባት ትንንሽ መብራት። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አብርታ፣ አጥፍታ፣ አብርታ "እኔ ነኝ ያደረግሁት?" ብላ ጠየቀች።

ሎሚውንም አንርሳ። ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዚንክና የመዳብ ዝርግ ቁራጮችን በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ እየለየ ደርድሮ የመጀመሪያውን ባትሪ እንደሠራ ጋሼ ነገሯቸው። ልጆቹም እኛም እንሥራ አሉ። ዚንክ የተቀባ ሚስማርና የመዳብ ሽቦ ሎሚ ላይ ሰኩ። አልበራም። አንድ ሎሚ የሚሰጠው ከ1 ቮልት ያነሰ ስለሆነ ለትንሿ መብራትም አይበቃም። ሁለት፣ ሦስት ቀጠሉ። በአራተኛው ቀይዋ፣ ጭል ጭል እያለች፣ በራች። ያች ብርሃን ከድንጋዩ ብርሃን ይልቅ አስጨፈረቻቸው። ከዚያ ሎሚውን ሊመጡት ሲሉ ጋሼ ከለከሉ፤ ሚስማሩ የሟሟበት ሎሚ አይበላም። እኛ ደግሞ ስለ ሎሚው ዋጋ አጉረመረምን። አራት ሎሚ ከሁለት ድንጋይ ጋር የሚወዳደርበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ስለ ሴት ልጆች አንድ ነገር እንበል። ከ17ቱ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ወንዶቹን "ሂድ ተማር" ብለን ላክን፤ ሴቶቹን ቤት ጠብቂ፣ ወንድምሽን እዪ፣ ቡና አፍዪ አልናቸው። ይህን ያደረግነው የሴቶች ማኅበር ነን የምንል እኛ ነን። ያስተዋለችው ያች ሽቦ የምትገምደው እናት ናት፦ "እኔ በስድሳ ዓመቴ የቻልኩትን ልጄ ለምን አትችልም?" በሚቀጥለው ወር ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ይዞ እንዲመጣ አስገደድን። ቤት የምትጠብቀዋ ጠፍታ እናቶች የተጨቃጨቁበት ቅዳሜ ነበረ፤ አንዳንዷ ሕፃኑን ጭምር አዝላ መጣች። በመጨረሻ እኩል ለእኩል ሆኑ።

አሁን ወደ በርሜሉ እንምጣ፤ ከሁሉ የምንኮራበት እሱ ነው።

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ቱቦውን በርሜል ውስጥ ከተን መጠበቅ ነው። ተኝተን ከቀረን ውሃው ሞልቶ ይፈሳል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ጠብ ይሆናል፤ እስኪሞላ ከጠበቅን እንቅልፍ የለም፤ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ ሊጥ ይጠብቀናል። ጋሼ ለትልልቆቹ ልጆች "ለእናቶቻችሁ አንድ የሚጠቅም ነገር አስቡ" ሲሏቸው ያሰቡት ይህንን ነው፦ በርሜሉ ሲሞላ የሚጮህ ነገር።

መጀመሪያ ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ከበርሜሉ አፍ ዝቅ አድርገው አንጠለጠሉ። ውሃው ሲነካቸው ያገናኛቸዋል፣ ከአሮጌ መጫወቻ የወጣችው ጯሂ ትጮኻለች ብለው ነው። ጮኸችም፣ ግን እንደ ትንኝ። ውሃ ኮረንቲ ያሳልፋል ሲባል እንደ ሽቦ አይደለም፤ በ3 ቮልት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። አንዱ ልጅ ጉልበት እንጨምርለት ብሎ ወደ ግድግዳው አየ። ሌሎቹ ሳንናገር "ግድግዳው አይነካም!" ብለው ጮኹበት። ያን ቀን ብትኖሩ ኖሮ ይህን ንግግር ማድረግ ባላስፈለገን።

መፍትሔውን ያገኘው ያ ጠባሳ ያለበት ልጅ ነው። ውሃው ሽቦ አይሁን፣ ገፊ ይሁን አለ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቀው ዘጉ፤ አናቱ ላይ ቀጭን ዘንግ አሠሩ፤ ዘንጉ በበርሜሉ ክዳን ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል። የዘንጉ ጫፍ ላይ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለበት የካርቶን ቁራጭ አለ። ከክዳኑ በላይ ሁለቱ የሽቦ ጫፎች ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ ተዘርግተዋል። ውሃው ሲሞላ ጠርሙሱ ይንሳፈፋል፣ ዘንጉን ይገፋል፣ ብርማው ወረቀት ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቶ ይነካቸዋል፣ ጯሂዋ ትጮኻለች። ድንጋዩም ሽቦውም ከውሃ ውጭ ነው። አንድ እናት፣ ቤቷ ከተገጠመላት በኋላ፣ "ውሃ በመጣበት ሌሊት ተኝቼ የማውቀው ሳላገባ ነበር" አለችን። አሁን ዘጠኝ ቤት ተገጥሟል። ሠርተን እንሽጠው የሚል ሐሳብ ከአባላት ቀርቧል። እኛ አልተስማማንም፤ ልጆቹ ገና ልጆች ናቸው፣ ሠራተኞቻችን አይደሉም። ሌላ ጊዜ እንነጋገርበት።

አሁን ወደ ሚያዝያው እንምጣ።

አንድ ደጋፊያችን ለትምህርቱ የሚሆን አንድ ካርቶን ዕቃ ሰጡን። ሽቦ ነበረበት፣ ትንንሽ ሞተሮች ነበሩበት፤ ባለ 9 ቮልት የሚባሉት አራት ማዕዘን ባትሪዎችም ነበሩበት። ደጋፊያችን እዚህ አዳራሽ አሉ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የእኛ ነው። ያን ቅዳሜ ጋሼ ታመው ቀርተዋል። ልጆቹን ከመመለስ ብለን እኛው ቀጠልን። 9 ቮልትም ቢሆን አይነዝር፣ ምን ችግር አለው ብለን አደልናቸው። አይነዝርም፤ እሱ ልክ ነው። ግን ሁለቱም ጫፎቹ ጎን ለጎን አናቱ ላይ ናቸው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ባትሪውን ወደ ቤቱ ሊወስድ ከሚስማር ጋር ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሚስማሩ ሁለቱን ጫፍ አገናኘ። ያ በአቋራጭ የሚዞር እቁብ ያልነው ኪሱ ውስጥ ሆነ ማለት ነው። ልጁ መንገድ ላይ እያለ ጋለ። ፈርቶም አፍሮም ቶሎ አላወጣውም። ጭኑ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተቃጠለ፤ ውሃም ቋጠረ።

በሰፈር የተወራው "ልጆቹን ኮረንቲ ጨረሳቸው" ነው። ኮረንቲ አይደለም፣ ግለት ነው። ነገር ግን ለተቃጠለ ልጅ እናት ይህ ልዩነት ምንም ማለት አይደለም፤ እኛም ከፊቷ ቆመን ልናስረዳት አልሞከርንም። ይቅርታ ጠየቅናት። ልጇን ከትምህርቱ አውጥታለች። እዚህ አለች፤ ከሰዓት በኋላ "ይቅር" ብላ እጇን ብታወጣ ማንም እንዳይወቅሳት እንለምናለን።

የበደልነው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። የሚያውቀው ሰው በሌለበት አዲስ ዕቃ አስገባን። የኪስ ነገር ቀድሞ ተነግሮን ሳለ ለልጆቹ አላልንም። ያን ቀን ለ22 ልጆች የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዷም ቡና ልታፈላ ወጥታ ነበር።

ትምህርቱ እንዲቀጥል ከወሰናችሁ የምናደርገው ይህ ነው። ለአምስት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው፤ ካልተሟላ ያን ቅዳሜ ትምህርት የለም፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ። ጋሼ ከሌሉ አዲስ ነገር አይነካም። ባለ 9 ቮልት አይገባም። ድንጋይ ሁሉ ተቆጥሮ ይሰጣል፣ ተቆጥሮ ይሰበሰባል፤ ወደ ቤት የሚሄድ ሥራ ካለ የድንጋዩ ጫፎች በፕላስተር ይሸፈናሉ። የስልክ ባትሪም አይከፈትም፣ አይወጋም፣ በተለይ ያበጠ ከሆነ፤ እሳት አለበት። የሰዓትና የመጫወቻ ዝርግ ክብ ባትሪ፣ ያች ቁልፍ የምትመስለው፣ ጭራሽ ግቢያችን አትገባም። ሕፃን ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች፤ ይህ የጋሼ ማስፈራሪያ አይደለም፣ ሐኪሞች የሚሉት ነው። ቤታችሁ ዘፈን የሚዘፍን ካርድ ወይም የሚበራ መጫወቻ ካለ ክዳኑ በብሎን የታሰረ መሆኑን እዩ። ሕፃን ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ያን ሰዓት ሐኪም ቤት ነው፤ እስኪወጣ አይጠበቅም።

ከመጀመሪያው አደጋ የተማርነውንም ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል። ሰው ኮረንቲ ከያዘው አይነካም። ቆጣሪው ላይ ይጠፋል። ቆጣሪው ከራቀ፣ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት፣ በመጥረጊያ ዘንግ፣ ሽቦውን ከሰውየው መግፋት ነው። ከዚያ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደወላል። ልጆቹን በየወሩ እንፈትናቸዋለን። አባላትን ብንፈትን ስንቶቻችን እናልፋለን? እያንዳንዳችን የየቤታችንን ቆጣሪ ማጥፊያ በጨለማ ማግኘት እንችላለን? ዛሬ ማታ ሞክሩት።

ለደጋፊዎቻችን፦ ብዙ ገንዘብ አንጠይቅም። ትልልቅ የሬዲዮ ድንጋይ፣ የድንጋይ መያዣ፣ ቀጭን ባለ ሽፋን የመዳብ ሽቦ፣ ለልጅ እጅ የሚሆን ፒንሳ፣ የማይሠራ በድንጋይ የሚንቀሳቀስ መጫወቻ። አሮጌ ቻርጀርና አሮጌ ስልክ አትላኩልን፤ ልባችሁን እናመሰግናለን፣ ግን ልጆቹ እጅ መግባት የለበትም። ጋሼ የሚያስተምሩት በነፃ ነው፤ ታመው በቀሩበት ጊዜ የሚተካ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ወጣት ለትራንስፖርቱ ያህል እንድንከፍል ብታግዙን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ያ ቢኖር ኖሮ ሚያዝያ አይደርስብንም ነበር።

ከአባላት የምንጠይቀው ከገንዘብ የሚከብድ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት። ቅዳሜ ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ልብስ አለ፣ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ። አንድ ሰው በስድስት ሳምንት አንዴ ቢመጣ ይበቃል። መዝገቡ በር አጠገብ ተቀምጧል። እስከ አሁን አሥራ አንድ ስም አለበት፤ ለክረምቱ ለመጀመር አሥራ ስምንት ያስፈልገናል። ካልሞላ ድምፁ "ይቀጥል" ቢል እንኳ አንጀምርም።

የመጀመሪያው ልጅ እናት ስሟን የጻፈችው አንደኛ ላይ ነው። ስለ ሁለተኛው ልጅ ደግሞ እናቱን ሳናስፈቅድ መናገር አልፈለግንም፤ ትናንት አስፈቀድናት። ጭኑ ድኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችን በር ላይ መጥቶ ተከፍቶ እንደሆነ አይቶ ይመለሳል።

ከኋላችሁ ያለው ሰማያዊ በርሜል ለማስጌጫ የመጣ አይደለም። ልጆቹ ትናንት ገጠሙት። ቱቦው ተከፍቶበት ነው ያለው፣ ቀስ ብሎ እየሞላ ነው። ንግግራችን ቢረዝም እንዲያስቆመን ብለን ነበር፤ ቀደምነው መሰለን። ጥያቄ ያላችሁ እስኪጮህ ጠይቁ።